ወንዙ የሚሰጣቸው መጫወቻዎች

ሔለን፦ ዛሬ ስለ ሞሃቬዎች እናውጋ፤ በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ነባር ሕዝብ ናቸው። እኔን የማረከኝ የዱባ ልጣጭ ጨዋታቸው ነው።

ተስፋዬ፦ በልጣጭ እንዴት ይጫወቱ ነበር?

ሔለን፦ ልጣጩን እንደ ቀለበት ይቆርጡና በክር ይሰኩት ነበር፤ ከክሩ ጫፍ ቀጭን እንጨት ይታሰራል። ቀለበቶቹን ወደ ላይ ወርወር አድርጎ በእንጨቱ ሹል መቀለብ ነው። ዓይንና እጅ እንዴት እንደሚያሠለጥን አስበው!

ተስፋዬ፦ ዱባውም እኮ የወንዙ ነው። ጎርፉ ሲሸሽ በደለሉ ላይ በቆሎ፣ ባቄላና ዱባ ይዘሩ ነበር። የሸክላ አሻንጉሊቶችም ይሠሩ ነበር፤ ሸክላውም ከወንዙ ዳርቻ ነው።

ሔለን፦ አሻንጉሊቶቹማ ልዩ ናቸው! ፊታቸው ሞሃቬዎች ራሳቸው ይቀቡት በነበረው መስመር ያጌጣል፤ ጸጉር ይተከልላቸዋል፣ ጨርቅ ይለብሳሉ፣ ዶቃ ያጠልቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1883 ባቡር በአካባቢያቸው ወዳለችው ኒድልስ ከተማ ከደረሰ በኋላ ሴቶቹ ለተሳፋሪዎች ይሸጧቸው ጀመር።

ተስፋዬ፦ ሽያጩ ሙያውን አረከሰው የሚል ሰው ይኖራል። እኔ አልስማማም፤ የሠሪዎቹ እጅ ሥራ እንዳይፈታ አድርጓል።

ሔለን፦ ልክ ነህ። የወንዶቹ ጨዋታ ደግሞ ሩጫ ነበር፤ ሁለት ሰዎች የሚንከባለል ቀለበት እያሳደዱ ረጅም ዘንግ ይሰዱበት ነበር። ውርርድም ነበረበት።

ተስፋዬ፦ እኔን የሚቆጨኝ ጎርፉ ነው። በወንዙ ላይ ሁቨር ግድብ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከተሠራ ወዲህ ደለል የሚያለብሰው ዓመታዊ ሙላት ቀረ።

ሔለን፦ ሸክላው ግን አልቀረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃም ኤልመር ጌትስ የተባለ ሞሃቬ አሻንጉሊቶቹን ይሠራ ነበር።