ጉዱ ካሳን ማን ሰማው?

(በትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍና የቴአትር ክበብ ስብሰባ ላይ በአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ስለ ሥነ ጽሑፍ እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ታላላቅ ደራስያን ሕይወት ጥቂት ነገር ሰብስቤ ለማንበብ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ይልቅ አንድ የራሴን ጥፋት ብነግራችሁ ይሻላል ብዬ ቆረጥሁ። ጥፋቱን አብዛኞቻችሁ አይታችሁታል፤ እንዲያውም አጨብጭባችሁለታል።

ባለፈው ዓመት በወላጆች በዓል ቀን ክበባችን «ከፍቅር እስከ መቃብር የተወሰደ» ብሎ አንድ አጭር ጨዋታ አሳይቶ ነበር። ጽሑፉን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ጉዱ ካሳ የተቀዳደደ ካፖርት ለብሶ፣ አንድ እግሩን ተጫምቶ ሌላውን ባዶ አድርጎ ወጣ፤ ብቻውን ለፈለፈ፤ ወደቀ፤ ተነሣ፤ እንደ ገና ወደቀ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። በስልክ የተቀረጸውም በማግስቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ የዞረው ግን አወዳደቁ እንጂ ንግግሩ አልነበረም።

መጽሐፉን አላነበብሁትም ነበር። ስሙን የማውቀው ከመንገድ ነው። በከተማችን ብቻውን የሚናገር ሰው ሲያልፍ የባጃጅ ነጂዎች «ጉዱ ካሳ!» እያሉ ይጠሩታል፤ እኔም ጉዱ ካሳ ማለት ይህ ነው ብዬ ተቀበልሁ።

በዚያ ቀን ከወላጆች መካከል አንድ ያልሳቁ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም አያቴ ናቸው። ለምን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው፣ «ያ እኔ በሬዲዮ የሰማሁት ካሳ አይደለም» አሉኝ። የአያቴ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲዳሙ አፎ ነው፤ አማርኛን ያወቁት በሥራ ላይ ነው፤ መጽሐፉንም በእጃቸው ይዘው አያውቁም። ነገር ግን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚባለው ዝግጅት ሲተርከው፣ ሬዲዮ ካለው ጎረቤት ቤት ተሰብስበው ሰምተውታል። ያልገባቸውን ቃል የሚያውቅ ላላወቀው ይተረጉምለት ነበር ይላሉ። እንግዲህ ያላነበቡት አያቴ ካሳን ሲያውቁት፣ ማንበብ የምችለው እኔ አላወቅሁትም።

ስለዚህ መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ አነበብሁ። (የመጀመሪያዎቹ ገጾች በእጅ ብዛት የጠቆሩ ናቸው፤ ከመካከሉ በኋላ ያሉት ግን ንጹሕ ናቸው። የቀደሙኝ አንባብያን የት እንደ ተመለሱ ከዚህ ይታወቃል።)

ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በጠላት ወረራ ዘመን የተዋጉ፣ ተማርከውም በኢጣልያ የታሰሩ፣ በኋላም በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ከተማችን ሐዋሳ ከተቆረቆረች ገና ጥቂት ዓመት ነበር። አብዮቱም ሊመጣ 8 ዓመት ቀርቶት ነበር። ታሪኩን የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ ፍቅር ነው ብለን እናልፈዋለን። ነገር ግን ሁለቱን የሚለያያቸው ምን እንደ ሆነ የሚናገረው ካሳ ዳምጤ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው በዘር የሚመጥን ባል አጣን እያሉ ዕድሜዋን ያሳልፋሉ፤ በገበሬው ላይ የሚጭኑትም ግብር ገበሬውን ለዐመፅ ያስነሣል። ካሳ ከዚሁ ቤተ ዘመድ ሆኖ ሳለ፣ በትውልድ የቆመውን የኑሮ ሥርዐት ከድንጋይ ካብ ጋር ያመሳስለዋል፤ የታችኛው ድንጋይ የላይኛውን ተሸክሞ ይኖራል፤ የታችኛው የተናጋ ቀን ግን ከላይ ያለውም አብሮ ይወርዳል። ይህን የሚል ሰው እብድ ነውን?

የዲማ ሰዎች ግን «ጉዱ» አሉት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ይህን ስም ካወጡለት በኋላ የሚናገረውን መመርመር አላስፈለጋቸውም፤ የእብድ ቃል አይመረመርምና። እኔም በመድረክ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ደራሲው ካሳን በዲማ ሰዎች ላይ እንዲፈርድ ፈጠረው፤ እኔ የዲማን ሰዎች ፍርድ ይዤ ካፖርት አለበስሁት። እናንተም ሳታውቁት ለአንድ ሩብ ሰዓት ያህል የዲማ ሰው ሆናችሁ።

ሳቅ ይቅር ማለቴ አይደለም። «ሳቅ የሌለበትን ጨዋታ ማን ያየዋል?» የሚሉኝ ጓደኞቼ እውነት አላቸው። የመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ከዳር እስከ ዳር ያስቃል፤ የሚሳቀው ግን በዘር ኩራት ላይ እንጂ በገረዲቱ ላይ አይደለም። ከዚያም አስቀድሞ፣ በ1910ዎቹ ዓመታት፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአገራችን የመጀመሪያ የሚባለውን ቴአትር «የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ሲያሳዩ የሚናገሩት እንስሳት ነበሩ። ተመልካቹ ግን የሚሳቅበት ማን እንደ ሆነ ስለ ገባው ጨዋታው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። መታገዱ የሚያስመሰግን ነገር አይደለም፤ ቢሆንም መልእክቱ መሰማቱን ያሳያል። የእኔን ጨዋታ ማንም አላገደውም፤ ምን ተብሎ ይታገዳል?

አያቴ ይህን ሁሉ ስነግራቸው ስለ አፊኒ አነሡብኝ። የሲዳማ ሽማግሌዎች በአንድ ጉዳይ ለመምከር ሲቀመጡ «አፊኒ?» ይባባላሉ፤ «ሰማችሁን?» ማለት ነው። ነገሩ ሳይሰማ ወደ ፍርድ አይኬድም። አያቴ የሬዲዮውን ትረካ ሲሰሙ፣ «ይህን ሰው ከዚያ ሁሉ ሽማግሌ አንዱ እንኳ አስቀምጦ አይሰማውም ወይ?» እያሉ ይናደዱ እንደ ነበር ነገሩኝ። እኔ በትምህርት ቤት ስለዚህ መጽሐፍ ከተሰጠኝ ማብራሪያ ሁሉ ይህ ጥያቄ ይበልጥብኛል፤ መምህራኖቼ ይቅር ይበሉኝ።

ስለዚህ ለዘንድሮው የትምህርት ቤታችን በዓል ያንኑ ክፍል እንደ ገና እንድናሳየው ክበቡን ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ካፖርቱ ይቀራል፤ ካሳ እንደ ማንኛውም የአገሩ ሰው ንጹሕ ልብስ ለብሶ ይወጣል። የካቡን ንግግር አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ አንድ ጊዜ በሲዳሙ አፎ ያሰማል። ትርጉሙን ከአያቴ ጋር ማታ ማታ እየሠራነው ነው። ካቡ አላስቸገረንም። «ጉዱ» የሚለው ቃል ግን እስካሁን ሁለት ማታ ፈጅቶብናል፤ አያቴ የሚያመጡት ቃል ሁሉ ወይ በጣም ይሳደባል፣ ወይ በጣም ያዝናል።

ልምምዱ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ነው። ካሳን የሚጫወት ሰው ገና አላገኘንም፤ ያለፈው ዓመቱ ተጫዋች፣ ሳቅ ከሌለው አልወጣም ብሎናል።