የራሳችንን መፀው ያየንበት ቀን
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



የምንናገረው በጥቅምት ወር ወደ ደብረ ሊባኖስ ሸለቆ ስላደረግነው ጉዞ ነው። ነገሩ የተጀመረው ግን በክፍላችን ውስጥ፣ ያውም በኀፍረት ስለ ሆነ ከዚያው እንነሣለን።

በመስከረም መጨረሻ የእንግሊዝኛ መምህራችን ስለ መፀው ወራት ድርሰት እንድንጽፍ አዘዙን። እኛም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ያነበብናቸውን የፈረንጅ መጻሕፍት እያስታወስን፣ ቅጠሉ ቀልቶና ወርቅ መስሎ እንደሚረግፍ፣ ልጆችም በረገፈው ቅጠል ላይ እየተንከባለሉ እንደሚጫወቱ አሳምረን ጻፍን። መምህራችን ወረቀታችንን ሲመልሱልን በሰዋስው በኩል ብዙ ስሕተት አላገኙብንም፤ ነገር ግን «ይህን ዛፍ የት አያችሁት?» ሲሉ ጠየቁን። ከመካከላችን አንድ እንኳ የመለሰ አልነበረም። እርሳቸውም «እንግዲያውስ ያላያችሁትን ጽፋችኋልና፣ አሁን ደግሞ አይታችሁ ጻፉ» ብለው ጉዞውን አሰናዱልን።

ከመነሣታችን በፊት የሳይንስ መምህራችን የነገሩን ምክንያት እንዲህ የሚል ነው። በሰሜን ባሉት አገሮች መፀው ሲገባ ቀኑ በጣም ያጥራል፤ ብርዱም ይበረታል። በዚህ ጊዜ ዛፉ ለቅጠሉ አረንጓዴ መልክ የሚሰጠውን ክሎሮፊል መሥራት ይተዋል። ያን ጊዜ ከአረንጓዴው ሥር ተሸፍኖ የኖረው ቢጫ ቀለም ይገለጣል፤ በአንዳንዱም ዛፍ ላይ ቀይ ቀለም ይፈጠራል። በአዲስ አበባ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት 1 ሰዓት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ወራቱን የሚለይልን ዝናቡ ነው። ስለዚህ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን የሚዘልቀው የእኛ መፀው፣ ክረምት ያጠጣው ምድር የሚያብብበትና እህሉ የሚያፈራበት ጊዜ ነው። አባቶቻችንም የመጀመሪያዎቹን 40 ቀኖች ዘመነ ጽጌ፣ ማለት የአበባ ዘመን ብለው ሰይመዋቸዋል።

ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን እንጦጦን ከወጣን በኋላ፣ ሱሉልታን፣ ጫንጮንና ሙከ ጡሪን እያለፍን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዝን። በግራና በቀኝ ጤፉ በነፋስ ይተኛል፤ የኑጉ ማሳ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆኗል። ከጓደኞቻችን ብዙዎቹ የኑግን ዘይት እንጂ የኑግን አበባ አያውቁም ነበር። ከዚያም ሜዳው ሳይታሰብ ተቆረጠና ገደል ሆነ። በአውቶቡሱ ውስጥ ሲዘፍኑ የነበሩት ሁሉ ባንድ ጊዜ ዝም አሉ። ከገደሉ አፋፍ ላይ ከመስቀል የተረፈ አደይ አበባ እዚህም እዚያም ቆሞ ነበር።

በመጀመሪያ ያየነው የፖርቱጋል ድልድይ የሚባለውን የድንጋይ ድልድይ ነው። ውሃው ከሥሩ አልፎ ከገደሉ ይወረወራል፤ ኋላም ከጀማ ጋር ሆኖ ወደ አባይ ይወርዳል። ስሙን ሰምተን ፖርቱጋሎች የሠሩት መስሎን ነበር። የታሪክ መምህራችን ግን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ግድም ያሠሩት የአጤ ምኒልክ አጎት፣ የሰላሌው ገዥ ራስ ዳርጌ መሆናቸውን ነገሩን። እኛም እርስ በርሳችን ተያየን፤ ድልድዩም እንደ ድርሰታችን የሌላ ሰው ስም ተሰጥቶት ኖሯል።

በድልድዩ አጠገብ ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት ያለባቸው ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ጭላዳ ከአገራችን በቀር በየትም የማይገኝ እንስሳ ነው። ከእኛ አንዱ ቁራሽ ዳቦ ሊወረውርላቸው እጁን ሲያነሣ፣ ከብት የሚጠብቅ አንድ ትንሽ ልጅ በትሩን አንሥቶ ከለከለው። በኦሮምኛ የተናገረውን ቋንቋውን የሚያውቁ ጓደኞቻችን ሲተረጉሙልን፣ «የእነሱ ምግብ ሣር ነው፤ ዳቦ ካስለመዳችኋቸው ነገ ከማሳችን አይወጡም» ማለቱ ነበር። ዳቦው ወደ ኪስ ተመለሰ።

ከዚያ በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደ መሠረቱት ገዳም ሄድን። ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመን ስንወጣ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ «ልጆቼ፣ ምን ልታዩ መጣችሁ?» አሉን። «የመፀውን አበባ ልናይ ነው፣ አባታችን» አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ ከእርሳቸው በፊት ከነበሩት አባቶች የሰሙትን አወሩልን። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ጣሊያኖች መነኮሳቱን ተባባሪዎች ናቸው ብለው ከሰሱ። ግንቦት 13 ቀንም ከገዳሙ በመኪና ጭነው ላጋ ወልዴ በሚባለው ስፍራ ረሸኗቸው። ግራዚያኒ ራሱ 297 መነኮሳት መገደላቸውን ወደ ሮማ አስታውቋል፤ በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ግን የሟቾቹ ቁጥር ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ ያመለክታሉ። መነኩሴውም «አበባውን እዩ፤ ምድሩንም አትርሱ» ብለው መርቀው አሰናበቱን። ስንመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ የዘፈነ አልነበረም።

በማግስቱ ድርሰቱን እንደ ገና ጻፍነው። የእንግሊዝኛው ሰዋስው ከፊተኛው የባሰ ነበር፤ ለኑግና ለጤፍ፣ ለአደይም የሚሆን ቃል አጥተን ስማቸውን እንዳለ አስገባነው። መምህራችን ግን ወረቀቱን ሲመልሱልን ያንን ጥያቄ አልደገሙትም።

ውድ ወላጆቻችን፤ ያስተማራችሁን የዓለምን ነገር እንድናውቅ ነውና፣ የውጭውን መጽሐፍ ማንበባችንን አንተውም። እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች በቅርቡ በየአቅጣጫው እንበተናለን። ከመካከላችን አንዳንዱ ባሕር ተሻግሮ ያን ቀይ ቅጠል በዓይኑ ያየው ይሆናል፤ ማየቱም ደስ ያሰኘዋል። ነገር ግን የዚያ አገር ሰው «የእናንተስ መፀው እንዴት ያለ ነው?» ብሎ ቢጠይቀው እንደዚያ ቀን አንገቱን አይደፋም። ታናናሾቻችንም ትምህርት ቤቱን ሳይጨርሱ ይህን ጉዞ እንዲያደርጉ አደራ እንላለን።