ከጎልፍ ሜዳ እስከ ኮሌጅ፤ ለወጣቶቻችን መንገድ ማሳየት

(በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ለሚኖሩ ወላጆችና ጎልፍ ለሚጫወቱ ልጆቻቸው ከቀረበ ንግግር የተወሰደ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)



በዚህ ከተማ ላንግስተን የሚባል የጎልፍ ሜዳ አለ። በ1939 የተከፈተው በዘር መድልዎ ምክንያት ከሌሎች ሜዳዎች ለተገለሉ ጥቁር አሜሪካውያን ነበር። ስያሜውን ያገኘው ግን ከጎልፍ ተጫዋች አይደለም፤ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍል የመጀመሪያው ዲን ከነበሩት ከጆን መርሰር ላንግስተን ነው። ሜዳው በመምህር ስም መጠራቱ ጨዋታና ትምህርት ተቃራኒዎች እንዳልሆኑ ያስታውሰናል።

ከወላጆች ጋር ስነጋገር ሁለት ዓይነት አሳብ እሰማለሁ። አንዳንዶቻችን «ጨዋታ እንጀራ አይሆንም፤ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ይሁንልኝ» እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ ልጃችን ሁለት ዋንጫ ባመጣ ጊዜ የኮሌጁ ወጪ የተሸፈነ ይመስለናል። ሁለታችንም ልጁን ሳንጠይቅ እንወስናለን።

እኔም ከዚህ ስሕተት ነፃ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ምክር ፈልጎ ወደ እኔ መጣ። የውድድር ውጤቱን አይቼ ለታላላቅ ቡድኖች አሠልጣኞች ብቻ እንዲጽፍ ገፋፋሁት። መልስ ስንጠብቅ የሌሎች ኮሌጆች የማመልከቻ ጊዜ አለፈ። በመጨረሻ «ለመሆኑ ከጎልፍ የምትወደው ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ማለዳ ሣሩ ሲታጨድ ማየት፤ አንዱ ቦታ ለምን እንደሚደርቅ፣ ሌላው ለምን እንደሚለመልም ማወቅ» አለኝ። ይህን ጥያቄ አስቀድሜ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ አንድ ዓመት ባልባከነበት ነበር። የጎልፍ ሜዳ ሣር እንክብካቤ እንደ ፔን ስቴት ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጥ፣ አፈርን፣ ውኃንና የዕፀዋትን በሽታ የሚያጠና ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ወጣቱም ዛሬ ይህንኑ ትምህርት በመከታተል ላይ ይገኛል።

ስለ ነፃ የትምህርት ዕድልም እውነቱን እንነጋገር። በብሔራዊው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር የመጀመሪያ ዲቪዚዮን፣ አንድ የወንዶች የጎልፍ ቡድን ለተጫዋቾቹ ሁሉ የሚያካፍለው ለብዙ ዓመታት ከ4.5 ተማሪዎች ሙሉ ወጪ አይበልጥም ነበር፤ የሴቶቹ ደግሞ 6 ነበር። በ2025 ደንቡ ተለውጦ፣ አዲሱን ሥርዓት በተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች ገደቡ በተጫዋቾች ቁጥር ላይ ሆነ፤ እርሱም 9 ነው። በሦስተኛው ዲቪዚዮን ለስፖርት ችሎታ የሚሰጥ ነፃ ትምህርት ጨርሶ የለም፤ ነገር ግን በትምህርት ውጤትና በቤተሰብ አቅም ላይ የተመሠረተ ድጋፍ ይገኛል፤ ልጁም መጫወቱን አይተውም።

በመጀመሪያው ዲቪዚዮን ለመጫወት 16 መሠረታዊ የሁለተኛ ደረጃ ኮርሶችን ማጠናቀቅና በእነርሱም ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ማምጣት ያስፈልጋል። ከእነዚህም 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት መጠናቀቅ አለባቸው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ዝግጅቱ ከ9ኛ ክፍል ሊጀመር ይገባዋል።

ከተጫዋችነት ውጭም በሮች አሉ። ካዲ ሆነው የተጫዋቾችን ዱላ እየተሸከሙ የሚሠሩ ወጣቶች፣ በቺክ ኢቫንስ አሳቢነት በ1930 ለተጀመረው የነፃ ትምህርት ዕድል ሊያመለክቱ ይችላሉ። ዕድሉ የትምህርት ክፍያንና መኖሪያን ይሸፍናል። መመዘኛዎቹም የካዲነት አገልግሎት፣ የትምህርት ውጤት፣ መልካም ጠባይና የቤተሰብ የገንዘብ ችግር ናቸው፤ የጨዋታ ችሎታ ከመመዘኛዎቹ አንዱ አይደለም። ሚሺጋን ውስጥ የሚገኘው ፌሪስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ1975 ጀምሮ የጎልፍ ሙያ አስተዳደርን ያስተምራል። አሠልጣኝነት፣ የአካል ሕክምና፣ የዱላ ሥራ ምሕንድስና፣ ጋዜጠኝነትም ከሜዳው ጋር የተሳሰሩ ሙያዎች ናቸው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ከልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እኔ ዘግይቼ የጠየቅሁትን ጥያቄ ጠይቁት። መልሱን ስትሰሙ አታቋርጡት። ከዚያም የትምህርት ቤቱን አማካሪ አነጋግራችሁ የኮርሶቹን ዝርዝር አብራችሁ ተመልከቱ።

ወጣቶች ሆይ፣ እናንተም ለመጠየቅ አትፈሩ። በ2019 አንድ የሃዋርድ ተማሪ ዩኒቨርሲቲው የጎልፍ ቡድን እንደሌለው ለታዋቂው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ለስቴፈን ከሪ ነገረው። ከሪም በዚያው ዓመት የወንዶችና የሴቶች ቡድን እንዲቋቋም የስድስት ዓመት ድጋፍ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ዛሬ ከእናንተ ቤት ብዙም በማይርቀው በዚያ ዩኒቨርሲቲ ጎልፍ የሚጫወቱት ተማሪዎች፣ አንድ ተማሪ አፉን ከፍቶ በመናገሩ የተከፈተውን በር አልፈው የገቡ ናቸው።