የማትበጠሰው እውነት

በጭላሎ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በአሰላና በአርሲ ደጋዎች፣ የተጣሉትን ለማስታረቅ ከዛፍ ጥላ ሥር የሚቀመጡት ልሂቃን ሽማግሌዎች፣ ፍርድ ከመስጠታቸው አስቀድሞ ነገሩን በምሳሌ ማለዘብን ከአበው እንደ ተረከቡት ሥርዓት ይዘውታል። ከኦሮሞ እጅግ የታወቁ ምሳሌዎች አንዱ «እውነት ትቀጥናለች እንጂ አትበጠስም» የሚለው ሲሆን፣ የአማርኛው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ነገር ግን አማርኛው ንጋትን እንድንጠብቅ ብቻ ሲያጽናናን፣ ኦሮምኛው በመካከል ያለውን የተበዳዩን መከራ ስለማይሸሽግ፣ ወዳጆቼ ለአድልዎ አይቁጠሩብኝና፣ በእኔ አስተያየት ይበልጣል። በሩቁ የማዳጋስካር ደጋም ከብቱን እንደ አርሲ የሚያከብረው ሕዝብ «ቃል እንደ እንቁላል ነው፤ ሲፈለፈል ክንፍ ያወጣል» እያለ አንደበተ ፈጣኑን ይገሥጻል።

ወደ ኦሮሞ ምሳሌዎች ስንመለስ፣ አስቴር ጋኖና ኦኔሲሞስ ነሲብ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1894 በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ባሳተሙት የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ፣ በቃል ብቻ ይነገር ከነበረው ጥበብ ብዙውን በጽሑፍ አኖሩልን። እናንተም አያት ያላችሁ አድማጮች፣ ዛሬ አንድ ምሳሌ ጠይቃችሁ፣ በምን ጉዳይ ላይ እንደሚነገር ጭምር ጻፉልን።