በገናሌ ዳር የዘነበው መርዝ

በሶርያ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በነሐሴ 2005 ዓ.ም. ጉታ ላይ ሰላማዊ ሰዎች በሳሪን ጋዝ ታፍነው ሲያልቁ ዓለም ደንግጧል። የኛ የገናሌ ዳር ቆላ ግን ይህን መከራ ቀድሞ ያውቀዋል።

በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ የወራሪው የኢጣሊያ ጦር አዛዥ የጄኔራል ግራዚያኒ አውሮፕላኖች በኢትዮጵያዊው የጦር አዛዥ በራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ላይ፣ በገናሌ ዶሪያ ወንዝ አካባቢ የሰናፍጭ ጋዝ ጣሉ። ኢጣሊያ ይህን መሣሪያ የሚከለክለውን የጄኔቫ ስምምነት አጽድቃ ነበር።

ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው። ቦምቡ ከመሬት ሳይደርስ አየር ላይ ይፈነዳና እንደ ካፊያ ይረጨዋል። ክፋቱ ወዲያው አለማሳመሙ ነው፤ ሰዓታት ካለፉ በኋላ ቆዳ ውኃ ይቋጥራል፣ ዓይን ያብጣል፣ ሳንባ ይቃጠላል። ሣሩና አፈሩ ላይ ለቀናት ይቆያል። ስለዚህ ወታደርና እረኛ አይለይም፤ በባዶ እግሩ የሚሄደውን፣ ከብት የሚያግደውን ሁሉ ይፈጃል።

ታኅሣሥ 20 ቀን መልካ ዲዳ ላይ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ተደበደበ። ጥር 11፣ በጥምቀት ዕለት፣ ነገሌ ቦረና ተያዘች።

ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ዓመት ሰኔ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት አቤት አሉ፤ ሰሚ ግን አልነበረም። ኢጣሊያ ጋዙን መጠቀሟን የመከላከያ ሚኒስቴሯ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። ግራዚያኒ ኢትዮጵያ ውስጥ ለፈጸመው ግፍ አንድም ቀን ችሎት ፊት አልቆመም።