ብሎን ስናጠብቅ የምንለካው ምንድን ነው?

በሐዋሳ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለጋራዥ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር ጽሑፍ



የዛሬው ርእሴ ጠባብ ነው። ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ሰው አንድን ብሎን ምን ያህል ሊያጠብቅ ይገባዋል? ይህ ለተማሪ የፈተና ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ከሐዋሳ ሻሸመኔ ለሚመላለስ የሚኒባስ ባለቤት ግን የቤተሰቡ እንጀራ ነው። ቴስታታው በትክክል ካልጠበቀ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ውሃና ዘይት ይቀላቀላል፣ መኪናውም ለሁለተኛ ጊዜ ይፈታል።

ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካቻቢቴ የምንላቸው ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። የጋራዥ ቋንቋችን ሙያው ከዋና መካኒክ ወደ ረዳት፣ በአፍና በእጅ ሲወርድ እንደ ቆየ ይመሰክራል። በእጅ የሚወርድ ሙያ ቁጥርን እምብዛም አያወርስም፤ የሚያወርሰው የክንድን ስሜት ነው። እኔ ይህን ስሜት ከሚንቁት ወገን አይደለሁም። ጥርሱ ሊበላ የተቃረበ ብሎን ከመሣሪያ አስቀድሞ ለለመደ እጅ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ክንድ በዋናነት የሚሰማው ሰበቃን ነው፤ እኛ የምንፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው።

ብሎን እንደ ጠንካራ ሞላ ነው። ሲጠብቅ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ ሲታገልም ቴስታታውንና ብሎኩን አጣብቆ ይይዛል። ቶርክ የምንለው የመጠምዘዝ ኃይል ወደዚህ መለጠጥ የምንደርስበት መንገድ ነው፤ መንገዱም አባካኝ ነው። ከምናወጣው ጉልበት ግማሹ ያህል በብሎኑ ራስ ሥር፣ 40 በመቶው ያህል በጥርሶቹ መካከል በሰበቃ ይጠፋል። ብሎኑን የሚለጥጠው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሰበቃው ጥቂት ሲለወጥ ውጤቱ እጅግ ይለወጣል። ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት ብሎን እንውሰድ። በ50 ኒውተን ሜትር ብናጠብቀው፣ ጥርሱ ደረቅ ከሆነና የሰበቃውን ቁጥር 0.2 ብንይዝ፣ 25 ኪሎ ኒውተን ያህል ይይዛል። ያንኑ ብሎን ዘይት ቀብተን ቁጥሩ ወደ 0.14 ቢወርድ፣ በዚያው 50 ኒውተን ሜትር ወደ 36 ኪሎ ኒውተን ይደርሳል። የዚህ ብሎን አስተማማኝ የመሸከም ወሰን 34 ኪሎ ኒውተን አካባቢ ነው። ቶርክ ሬንቹ አልዋሸም፤ ብሎኑ ግን ወሰኑን አልፏል። «ለዚህ ብሎን ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሁሉ «በዘይት ወይስ በደረቁ?» ብሎ ካልጨመረ ጥያቄው ጎዶሎ ነው።

የሞተር ሠሪዎችም ይህን ስለሚያውቁ ነው ለቴስታታ ብሎን ቶርክን ከማዕዘን ጋር የሚያዙት። በያሪስና በአንዳንድ ኮሮላዎች ላይ የሚገኘው የቶዮታ 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር አሥሩ የቴስታታ ብሎኖች በጥቂቱ ዘይት ይነካሉ፤ ከመሐል ወደ ዳር ባለው ቅደም ተከተል መጀመሪያ በ29 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ሁሉም 90 ዲግሪ፣ እንደገና 90 ዲግሪ ይዞራሉ። የጥርሱ እርምጃ 1.25 ሚሊ ሜትር በሆነ ብሎን ላይ 90 ዲግሪ ማለት ከሩብ ዙር የሚገኝ 0.31 ሚሊ ሜትር ጉዞ ነው። ጥርሱ ዘይት ይኑረው አይኑረው፣ ይህ ርቀት አይለወጥም። ውበቱ እዚህ ላይ ነው።

ቁጥሩ የሚፈለገው በመኪናው ስም ሳይሆን ብሎኩ ላይ በተቀረጸው የሞተር መለያ ነው። «ኮሮላ» የሚለው ስም ብዙ የተለያዩ ሞተሮችን ይሸፍናል፤ የአንዱን ቁጥር ለሌላው ማዋል ግምት ነው። ከብሎን ውፍረት ተነሥቶ የሚነበበው አጠቃላይ ሠንጠረዥ ለቅንፍና ለሽፋን ይበቃል፤ ለቴስታታና ለቢዬላ ግን አልቀበለውም። መለኪያውንም ማየት ያስፈልጋል፦ 29 ፉት ፓውንድ 39 ኒውተን ሜትር ነው፤ አሮጌ መጽሐፍና አዲስ ቶርክ ሬንች አንድ ቋንቋ ላይናገሩ ይችላሉ። አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ልጨምር፦ ብሎኩ ላይ ባለው ድፍን ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ከቀረ፣ ብሎኑ ሲወርድ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል። ቀዳዳውን በአየር መንፋት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

«ቶርክ ሬንቻችን ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን?» የሚል ጥያቄ ከጋራዥ ባለሙያዎች ይነሣል። ሬንቹን አግድም አድርጋችሁ ጫፉን በጉሬ እሰሩት። ከጉሬው መሐል 30 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ፣ ከነውሃው በሚዛን 10 ኪሎ የሆነ ጀሪካን እዚያ ላይ አንጠልጥሉ። ይህ 29.4 ኒውተን ሜትር ነው፤ ቅድም የጠቀስኩት ሞተር የመጀመሪያ ደረጃ ማለት ይቻላል። የሬንቹ የራሱ ክብደት ጥቂት ይጨምራል፤ እሱን ተማሪዎች አስሉልን። ሬንቹ በ29 ላይ ተሞልቶ ጀሪካኑ ሲንጠለጠል «ቀጭ» ካላለ፣ ወደ መለኪያ ባለሙያ ይሂድ። ጀሪካኑና ሚዛኑ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ ሬንቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ፊት ቅረቡ።