አማራጭ እና አጋዥ ሕክምና ምንድን ናቸው?

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል፣ ከዘመናዊው ሕክምና ጎን ለጎን፣ የቻይና ሐኪሞች ቀጫጭን መርፌዎችን በተመረጡ የሰውነት ክፍሎች ላይ በመሰካት ሕመምን የሚያስታግሱበት፣ አኩፓንክቸር የተባለው ባህላዊ ሕክምና ሲሰጥ ቆይቷል። እንዲህ ከመደበኛው ሕክምና ጋር ተጣምሮ የሚሰጠው አጋዥ ሕክምና ሲባል፣ መደበኛውን ተክቶ የሚወሰደው ደግሞ አማራጭ ሕክምና ይባላል። ከኢትዮጵያ ባህላዊ መድኃኒቶች መካከል ደግሞ የኮሶ ዛፍ አበባ ተፈጭቶና በውኃ ተበጥብጦ ለዘመናት የኮሶ ትል ማስወገጃ ሆኖ አገልግሏል፤ ይሁን እንጂ መጠኑ ሲበዛ የዓይን ብርሃንን እስከ መጉዳት ሊደርስ ስለሚችል፣ መድኃኒቱ ከተፈጥሮ መገኘቱ ብቻ የደኅንነቱ ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ማንኛውም ታካሚ የሚወስደውን ባህላዊ መድኃኒት ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል፤ የታዘዘለትን የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒትም በራሱ ውሳኔ ማቋረጥ የለበትም።